«ግቢ አትግቡ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ያማረረ ሁሉ አልጠላም

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ከቻናል ቻናል ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አራተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ናት፤ ከቤት ከወጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ከሥሩ «እውነቱን ነው እንዴ?» ብላ ጽፋለች። በድምፅ ልመልስላት ጀመርኩና አላልቅ አለኝ። ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ እዚህ ልጽፈው።

መጀመሪያ ጽሑፉ ምን እንደሚል ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው በተለያዩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተማሪዎችን «ግቢያችሁ ውስጥ ምን ትወዳላችሁ? ምን ትጠላላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። የተጠላው ዝርዝር ረጅም ነው፤ የካፌ ምግብ፣ የውሃ መጥፋት፣ ክላስ የማይገባ መምህር፣ ሳይመርጡት የደረሳቸው ዲፓርትመንት፣ የቤት ርቀት። የተወደደው አጭር ነው፤ ጓደኛ፣ ነፃነት፣ የዶርም ጨዋታ። ከዚህ ተነስተው አምስት ነገር ይላሉ። ትምህርቱ ባዶ ስለሆነ በስልክ መማር ይሻላል። የዶርምና የካፌ ኑሮ ሰውን ያዋርዳል። ሩቅ መመደብ ቅጣት ነው። ተማሪዎቹ ወደድነው የሚሉት ነገር ከትምህርት ጋር አይገናኝም። ዲግሪው ሥራ አያስገኝም፣ ነፃ የተባለውም ትምህርት ዕዳ ነው። በመጨረሻ 12ኛ ክፍልን ላለፉ ልጆች «ግቢ አትግቡ፣ ሥራ ጀምሩ» ብለው ይመክራሉ።

ተማሪዎችን መጠየቃቸውን ወድጄዋለሁ። ተማሪን ምን አመመህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ የለም። የተጠላው ዝርዝርም ልክ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ትኋንን እጨምርበት ነበር። የማልስማማው ከዝርዝሩ ወደ ምክሩ በዘለሉበት መንገድ ላይ ነው። ወጡ ጨው በዛበት ያለ ሰው ምሳዬን አልበላም አላለም። ተማሪው «መምህር አይገባም» ሲል መምህር ይግባልኝ ማለቱ ነው። ጸሐፊው ግን ይህን አቤቱታ ወስደው ልጆቹ ከናካቴው እንዲቀሩ ማስረጃ አደረጉት።

ከትምህርቱ ልጀምር፣ ዋናው እሱ ነውና። ጸሐፊው የሚጠቅሱት ተማሪ ለመመረቅ የሚወስደውን የመውጫ ፈተናን ነው። ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ መጀመሪያ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። እውነት ነው። ግን ይህ ቁጥር የመንግሥትና የግል ተቋማት ተደምረው የወጣ ነው። ለየብቻ ሲታዩ ሌላ ነገር ነው የሚናገሩት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈታኞች ከ60 በመቶ በላይ አልፈዋል። ከግሎቹ ያለፉት 20 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ጸሐፊው ቅሩ የሚሏቸው መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ ልጆችን ነው። የእነሱን ቁጥር ትቶ ድምሩን ብቻ መንገር ልክ አይደለም።

ያም ሆኖ 60ውም የሚያኮራ አይደለም። አራትና አምስት ዓመት ተምሮ ከአስር ሰው ወደ አራት የሚጠጋው ሲወድቅ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። የተበላሸውንም አውቀዋለሁ፣ ደርሶብኛልና። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ኮርስ ነበረን። መምህሩ ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ መጣ። ሦስት ምዕራፍ በሁለት ቅዳሜ ሜካፕ (ማካካሻ) ክላስ ጨረሰልን። ሃንድአውቱን ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝተን፣ ቸክለን ተፈተንን። ቢ አግኝቼበታለሁ። ዛሬ ስለዚያ ኮርስ አንድ ነገር ብትጠይቁኝ አልመልስም። ይህ በደል ነው። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢጠነክሩ ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር።

ግን በዚያው ግቢ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውንም ልንገራችሁ።

የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላብ ውስጥ ስምንት ሆነን አንድ ቡሬት ደረሰን። ቡሬት ረጅምና ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፤ ከሥሩ የምትዞር ትንሽ ቧንቧ አለችው። ከታች ፍላስክ ውስጥ አሲድና ፌኖልፍታሊን የሚባል ቀለም የሚቀይር ጠቋሚ ሁለት ጠብታ ይደረጋል። ከላይ የአሲዱ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ፍላስኩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውሃ መስሎ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ በአንዲት ጠብታ ሮዝ ይሆናል። መቆም ያለበት ፈዛዛው ሮዝ ላይ ነው። ከደመቀ አልፏል፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ከዚያ ቀን በፊት ይህንን ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ግን አሳለፍኩት። ደገምኩ፣ አሁንም አሳለፍኩት። የላብ ቴክኒሻኑ አጠገቤ መጥተው ቆሙና «ልጄ፣ ዓይንሽን ከቱቦው ላይ አንሺ። ፍላስኩን ብቻ እዪ። ቧንቧውን እጅሽ ያውቀዋል» አሉኝ። በሦስተኛው ፈዛዛው ሮዝ ላይ ቆመልኝ።

ዛሬ የምሠራው የውሃ ጥራት ምርመራ ላይ ነው። የውሃ ጠጣርነት (የሟሟውን የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን) ስለካ ከወይን ጠጅ ቀይ ወደ ሰማያዊ የሚቀየረውን ጠብታ የሚጠብቀው ያው ያን ቀን የተማረው እጄ ነው። ቪዲዮው አላስተማረኝም ማለቴ አይደለም፤ ምን እንደምጠብቅ ነግሮኛል። እጄን ያስተማሩኝ ግን አጠገቤ የቆሙት ሰው ናቸው። ከስምንታችን ሦስቱ ያን ቀን ቡሬቱን ሳይነኩ የሌላውን ውጤት ገልብጠው ሪፖርት ጽፈዋል። አንዷ እስከ ምርቃታችን ድረስ በዚህ ታማርር ነበር። ምን ፈልጋ ይመስላችኋል? ሌላ ቡሬት ነው የፈለገችው።

ስለ ስልኩ ደግሞ አንድ ነገር ላንሳ። ማታ ግቢ ገብታችሁ የላይብረሪውን ደረጃ ብታዩ ተማሪው ተደርድሮ ተቀምጧል። ዋይፋዩ የሚይዘው እዚያ ነው። የሌላ አገር ፕሮፌሰር የሚሰጠውን ሌክቸር የሚያየው፣ ፒዲኤፉን የሚያወርደው እዚያ ቁጭ ብሎ ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ በራሱ ካርድ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በየቀኑ ሊከፍት አይችልም። በስልክ ተማር የተባለው ልጅ የሚማርበትን ኢንተርኔት የሚያገኘው በአብዛኛው ግቢ ሲገባ ነው።

ሌላው ጸሐፊው ያለፉት ነገር ሁሉም ትምህርት ክላስ ውስጥ አለመሆኑን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ማኅበረሰብ ውስጥ ወጥቶ መረጃ ይሰበስባል፣ የቀበሌውን ችግር ያጠናል፣ የጤና ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ በቡድን ጤና ጣቢያ ተመድበው ይሠራሉ። ጎንደር ላይ በ1940ዎቹ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈትም የጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን ማሠልጠን ነበር ሐሳቡ። እንዲህ ያለውን ማን በስልክ ይማረዋል?

ወደ ዶርምና ካፌው ልሂድ። እዚህ ላይ ብዙውን እቀበላለሁ። ለዓመታት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ነው ወደ 100 ብር ከፍ ያለው። ሦስት ማዕድ በ22 ብር! የገበያውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ወጡ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅተውም። ውሃም እንዲሁ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከታች አንዱ «ውሃ መጣ!» ብሎ ይጮሃል። ሕንፃው በሙሉ ይነሳል። ጀሪካን ይዘን አራተኛ ፎቅ ስንወጣና ስንወርድ ይነጋል፣ በማግስቱ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ቢኖርም። ይህን ማንም ሊለምደው አይገባም።

ግን «ያዋርዳል» የሚለው ቃል ከየትኛው ቤት ሆኖ እንደተጻፈ አስባለሁ። እኛ ዶርም ስድስት ነበርን። አንዷ ልጅ በመጀመሪያው ወር ስለ ካፌው ስናማርር ዝም ትላለች። አንድ ቀን «አንቺ ምነው?» ስንላት «እኔ እኮ ቤቴ በቀን ሦስቴ በልቼ አላውቅም» አለች። በቃ፣ ሌላ አልጨመረችም። ሚል ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ ከመታወቂያዋ ጋር ነበር የምትይዘው። ለእኔ ኖን ካፌ መሆን፣ ማለትም ካፌውን ትቶ ውጭ መብላት፣ እንደ አማራጭ ይታሰበኝ ነበር፣ እናቴ ትንሽ ትልክልኛለችና። ለእሷ አማራጭ የለም። ያ ካፌ ባይኖር ዲግሪዋ አይኖርም። እሷም ቢሆን ምግቡ ቢሻሻል ትወዳለች፣ አይጠረጠርም። «ስለሚያዋርድ አትግቢ» ቢሏት ግን የሚቀራት ቤቷ መመለስና አንዴ መብላት ነው። ያ ከዚህ በምን ይከብራል?

ርቀቱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው ወላጆች ይሰጋሉ ሲሉ ትክክል ናቸው፤ ይህን እንደ ትንሽ ነገር ላልፈው አልችልም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ማንም እናት አልረሳችም። በዚያው ዓመት በተለያዩ ግቢዎች ተማሪ ከተማሪ ተጋጭቶ ሕይወት ጠፍቷል። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት «ልጄን አልክም» ያለ ወላጅን እኔ ተው አልለውም። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው ግን የሚሉት ከዚህ ይሰፋል። መንገዱ ሰላም ቢሆን እንኳ ሩቅ መሄድ በራሱ ቅጣት ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የምለየው።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ግቢዬ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። እናቴ መናኸሪያ ድረስ መጥታ በሶና ዳቦ ቆሎ በፌስታል አሸክማኝ አልቅሳ ነው የሸኘችኝ። የመጀመሪያው ወር ከበደኝ፤ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አለቅስ ነበር። እህቴም አሁን እዚያ ላይ ናት፣ ስለዚህ አልዋሻትም፤ ይከብዳል።

ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ያለፈችው የአክስቴ ልጅ እዚያው አዲስ አበባ ደረሳት። ከቤት እየተመላለሰች ነው የተማረችው። ሁላችንም ቀናንባት። በፋይናል ሳምንት ስደውልላት ግን ሊጥ እያቦካች ነው፣ ወይ እንግዳ መጥቶ ቡና እያፈላች ነው፣ ወይ ታናናሾቿን እያስጠናች ነው። ማንም ክፉ ሆኖባት አይደለም። እቤት ያለች ሴት ልጅ ተማሪም ብትሆን የቤት ልጅ ናት፤ ቁጭ ብላ ስታነብ ሥራ የፈታች ነው የምትመስለው። እኔ በእነዚያው ቀናት ላይብረሪ ከማለዳ እስከ ማታ ተቀምጬ የሚጠራኝ አልነበረም። አንብቤ ስወጣ ምግቡ ቢቀጥንም ተሠርቶ ይጠብቀኛል። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ የራሴ የሆነ ሙሉ ቀን ያገኘሁት እዚያ ሩቅ ቦታ ነው። ጸሐፊው የጠየቋቸው ሴት ተማሪዎች «ነፃነት» ሲሉ ይህን ያሉ እንዳሉ እርግጠኛ ነኝ። ጽሑፉ ግን ነፃነትን ማምሸትና መዝናናት ብቻ አድርጎ ተረጎመው።

ደግሞ በዚያው ዶርም ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብዬ ለወለጋዋ ልጅ፣ «ሳሮ» ብዬ ለወላይታዋ ልጅ ሰላምታ መስጠት ለምጃለሁ። ከዚያ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአማርኛ ሌላ አንድ ቃል ሳልናገር ኖሬአለሁ። የወለጋዋ ልጅ አባቷ የታመሙ ጊዜ ስድስታችን ከኪሳችን አዋጥተን ነው መሳፈሪያዋን የሸፈንነው። ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ይህን የት አገኘው ነበር?

አራተኛው ላይ አጠር ላድርግ። ጓደኝነት ከትምህርት ጋር አይገናኝም የሚለው ሐሳብ ዶርም ውስጥ ያልኖረ ሰው ሐሳብ ይመስለኛል። እኔ ካልኩለስን ያለፍኩት በዶርሜቴ ነው። ሰቃይ፣ ማለትም ጎበዝ ተማሪ፣ ነበረች። የበራችንን ጀርባ እንደ ሰሌዳ አድርጋ፣ ከክላስ ባመጣችው ጠመኔ ሊሚትን ሦስት ማታ ደጋግማ አስረዳችን። ለፍሬሾች ቱቶሪያል የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ሲኒየሮች ናቸው፤ በግቢ ጉባኤ፣ በፌሎ፣ በጀማዓ በኩል፤ የተማሪዎች የሃይማኖት ኅብረቶች ናቸው። መምህሩ ያጎደለውን ተማሪው ለተማሪው ይሞላል። በእርግጥ ጸሐፊው በነፃነቱ የጠፉ ልጆች አሉ ማለታቸው እውነት ነው። ከግቢው አጥር ሥር የተደረደሩትን ጫት ቤቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በመጀመሪያው ሴሚስተር ኤፍ በኤፍ ሆነው የተሰናበቱ ልጆችን ሻንጣ ተሸክሜ በር ድረስ ሸኝቻለሁ። ግን ከዶርሜ ስድስት ሰው አምስታችን ተመርቀናል፣ አንዳችን አንዳችንን ደግፈን።

የቀረው ሥራና ዕዳ ነው። ሥራ የለም የሚለውን የሚክድ የለም። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል እቤት ተቀምጫለሁ፤ አብረውኝ ተመርቀው እስካሁን ያልያዙ አሉ። ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ በወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ልብ ይሰብራል። ወጪ መጋራትም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ተማሪው ውል ፈርሞ ይገባል፣ ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ሥራ ሳያገኝ ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት መጀመሪያ ዕዳህን ዝጋ የሚባል ልጅ ቢናደድ አልፈርድበትም። ይህ ቢስተካከል ደስ ይለኛል። ሆኖም ይህ ዕዳ ጥቅም አለው፤ ዛሬ ኪሱ ባዶ የሆነ የገበሬ ልጅ ነገ ሐኪም ለመሆን በር ላይ ገንዘብ አምጣ አይባልም።

«ሥራ ጀምሩ» የሚለውን ምክር ግን ማን ነው የሚፈጽመው? በየትኛው መነሻ ገንዘብ? ጸሐፊው ሙያ የተማረው ወዲያው እንደሚቀጠር አድርገው ነው ያቀረቡት። የእኛ ሰፈር ልጆች ብየዳም እንጨት ሥራም ተምረው፣ ማሽን መግዣና ቦታ አጥተው ተቀምጠዋል። ሙያ ትልቅ ነገር ነው፣ ወንድሜም ኤሌክትሪሺያን ነው። ነገር ግን የሥራ እጦት የአገሩ ችግር ሆኖ ሳለ የዲግሪው ብቻ ማድረግ ልጆቹን ያሳስታል። የእኔን ሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ መጀመሪያ መስመሩ ላይ የተጻፈው «የመጀመሪያ ዲግሪ በኬሚስትሪ» የሚል ነው። ሐኪምም፣ መሐንዲስም እንደዚሁ። ዲግሪው በሩን ላይከፍት ይችላል፤ ያለ ዲግሪው ግን በሩ ጋ መድረስም የለም።

ምክሩ ለማን እንደተጻፈም እናስብ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016ም 5.4 በመቶ ነው። ከመቶ ልጅ አምስቱ! እነዚህ አምስቱ ስንት ሌሊት ቁጭ ብለው እንዳነበቡ ቤተሰባቸው ያውቃል። ለእነሱ «ያገኛችሁት ነገር ዋጋ የለውም» ብሎ መጻፍ ከባድ ኃላፊነት ነው። ጸሐፊው ክፉ አስበው እንዳልጻፉ አምናለሁ። ያንን የተጠላ ዝርዝር በሙሉ ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይቀንሱ፣ አድራሻውን ከልጆቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቢቀይሩት እኔም ቀጥዬ አጋራው ነበር።

እህቴ ጽሑፉን በላከችልኝ ማግስት ደውላ ነበር። ላይብረሪያቸው ማታ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ መብራት አጥፉ የሚሉ ልጆች አሉ፣ ፋይናል ደርሷል። ግቢውን እንዴት እንደጠላችው ሩብ ሰዓት ሙሉ ነገረችኝ። ከዚያ «ቆይ አትዝጊ» አለችና፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆነው ላይብረሪው እስከ እኩለ ሌሊት እንዲከፈት ፊርማ እያሰባሰቡ እንደሆነ አወራችኝ። ማመልከቻውን ልካልኛለች። ዛሬ ማታ አስተካክዬ እመልስላታለሁ።